ከመቀስ የተረፈ ጋዜጣ

በዚያ ፀጉር ቤት ጋዜጣ ሙሉውን ማንበብ የፈለገ ደንበኛ በጠዋት መምጣት ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ለሚመጣ የሚደርሰው ወንፊት ነው። አንዱ ገጽ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀዳዳ፣ ሌላው ላይ ከላይ እስከ ታች የተከፈተ መስኮት ይጠብቀዋል፤ የኳስ ዜና እያነበበ ግቡ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ያልቅበታል። አንድ ቀን ጡረተኛው ሹፌር፣ ለመላጨት ሳይሆን ለማውራት የሚመጣው ደንበኛ፣ ጋዜጣውን ዘርግቶ በቀዳዳው አጮልቆ የፀጉር ቤቱን ባለቤት አየው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅህ ጋዜጣ አታነብም እኮ፤ ትበላለች!» አለ።

«ምን ላድርጋት ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ የተቀመጠውን ደንበኛ አንገት እያራገፈ። «እኔ ፀጉር እቆርጣለሁ፣ እሷ ወሬ ትቆርጣለች። ዘር ከልጓም ይስባል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ መቀስ ተባለች። ስሙ ከፀጉር ቤቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት ገባ፤ መምህሯም ሳይቀር መቀስ ይላት ጀመር። እሷም አልከፋትም።

ወሬ የምትቆርጠው ግን ለጨዋታ አልነበረም። ትምህርት ቤቷ የድንገተኛ ንግግር ቡድን አለው፤ እሷም ከአሥራ አንደኛ ክፍል የተመረጠች ተወዳዳሪ ነች። ውድድሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ተወዳዳሪው በሰሞኑ ዜና ላይ ከተዘጋጁት ጥያቄዎች ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች ከሳጥን ያወጣል፤ አንዱን ይመርጣል፣ ሁለቱን ይመልሳል። ከዚያ ሰላሳ ደቂቃ ይሰጠዋል። በዚያች ጊዜ ከቤቱ ቆራርጦ ያመጣውን ጋዜጣ አገላብጦ መልሱን ያሰናዳል፤ ሲጠሩት ባዶ እጁን ዳኞች ፊት ቆሞ ሰባት ደቂቃ ይናገራል። ስልክ አይፈቀድም። ቀድመው ያልቆረጡት ዜና ያን ቀን አይደርስላቸውም። ንግግሩ ድንገተኛ ይባል እንጂ ዝግጅቱ የዓመት ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሠልጣኛቸው የጂኦግራፊ መምህሩ ነው። ሰዓቱን ሳያይ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርስ ተማሪዎቹ በሌለበት «ሰላሳ ደቂቃ» ይሉታል። ሕጎቹ ብዙ አይደሉም፤ ግን እንደ ምስማር እየደጋገመ ይመታቸዋል። የምትወዱትን ጥያቄ ሳይሆን የምታውቁትን ምረጡ። ማን እንዳለና መቼ እንዳለ ሳትናገሩ ምንም አትበሉ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ባለ ሁለት ኪስ ማህደር ያዙ፤ አዎ የሚለው ጽሑፍ በግራ፣ አይሆንም የሚለው በቀኝ ይግባ። «ዳኛ የምትመኙትን አይጠይቃችሁም» ይላል ሰዓቱን እያየ። «የሚሆነውን ነው የሚጠይቃችሁ።»

ማን አለ፣ መቼ አለ የሚለው ለመቀስ አዲስ አልነበረም። እናቷ ነርስ ናት። ነርሶች ተራ ሲቀያየሩ ታካሚው መድኃኒቱን ወስዷል በሚል ወሬ ብቻ አይተላለፉም፤ ማን ሰጠው፣ መቼ ሰጠው ይባባላሉ። እናትየዋ ይህን ጠባይ ከሥራ ይዛው ቤት ገብታ ነበር። ልጅቷ ገና አንደኛ ክፍል ሳለች «ነገ ትምህርት የለም» ብላ እየዘለለች ስትመጣ፣ እናት ድስቷን እያማሰለች «ማን አለ? መቼ አለ?» ትላታለች። «ጎረቤቶቻችን ቤት ሊለቁ ነው» ስትልም ያው ነው፤ ማን አለ? መቼ አለ? ልጅቷ መልስ ካላት ወሬው ቤት ይገባል። ከሌላት ደጅ ያድራል።

አሁን እናትየዋ ማዶ ናት።

እነሱ ቤት ማዶ የቦታ ስም ነው። ቀኑ ጠራ ሲል ከወደቡ ግንብ ላይ ሆኖ ላየ ሰው ከሐይቁ ባሻገር ሰማያዊ ተራራ ይታየዋል፤ የእናትየዋ ሆስፒታል ያለው እሱ ተራራ ሥር ነው። ወደዚያ ስትዛወር ማንም ብዙ አላዘነም፤ ትልቁ ጀልባ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ ያደርስ ነበርና። በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች፣ ቤቱን ታተራምሳለች፣ የባሏን ጋዎን ታጥባለች፣ ልጇን በጥያቄ ታፋጥጣለች፣ ትመለሳለች። ያለፈው ዓመት ክረምት ሲወጣ ግን ጀልባው ተመረመረና ሰው መጫን አይችልም ተብሎ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

በመኪናስ አይኬድም ወይ ለሚል ሰው ጡረተኛው ሹፌር መልስ አለው። «ሐይቁ ሆዱ ሰፊ ነው» ይላል። «ተራራውን ዞረህ፣ ሦስት መኪና ቀይረህ፣ ሦስት ቀን ትጓዛለህ፤ ያውም ድልድዩ ደህና ከሆነ። ወገቤን የበላው ያ መንገድ ነው።» ልጅቷን ለብቻዋ በዚያ መንገድ የሚልክ አባት አልነበረም፤ አብሯት እንዳይሄድ ደግሞ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ የሚበላ የለም። የእናትየዋ ፈቃድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉ ሰው ስለሚያጥረው ከዚያ በላይ አይለቋትም።

«ፈቃዴን መንገድ ላይ ልጨርሰው?» ትላለች እሁድ እሁድ ስትደውል። «ጀልባው ሲጀምር ሳምንቱን ሙሉ ከእናንተ ጋር ብሆን ይሻላል። በሚቀጥለው ወር ይጀምራል እያሉ ነው።»

«አዎ እማዬ፣ እኔም አንብቤያለሁ» ትላለች መቀስ።

 ስልኩ ሲዘጋ ወደ ወደቡ ትወርድና ግንቡ ላይ ተቀምጣ የታሰረውን ጀልባ ታያለች። የጀልባው ዘበኛ እዚያ ላይ ዶሮ ያረባል። አውራው ዶሮ ካፒቴኑ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ ወጥቶ ይጮሃል፣ ሕፃናቱ ከታች ሆነው «መቼ ነው የምንነሳው?» እያሉ ይቀልዱበታል። መቀስ አትስቅም። እናቷ ናፍቃታለች፤ ሌላ ስም የለውም። የድምጿ ነገር አልነበረም፣ ድምጿማ በየሳምንቱ አለ። የናፈቃት በር ላይ ቆማ ጫማዋን ስታወልቅ የምታሰማው ትንፋሽ፣ ሳታንኳኳ መግባቷ፣ ያለ ምክንያት መቆጣቷ ነው። በስልክ ሰው አይቆጣም።

የቁራጮቿ ሻንጣ እናቷ ስትሄድ መንኮራኩሩ ተሰብሯል ብላ የተወችው ነው። ውስጡ ማህደሮች ተሰልፈዋል፦ ስንዴ፣ መብራት፣ ምርጫ፣ የሙያ ትምህርት። ሁሉም በግራም በቀኝም ጠግበዋል። «ጀልባ» የሚለው ማህደር ግን ግራ ኪሱ ሊቀደድ ደርሶ ቀኙ ባዶ ነው። መምህሩ አንድ ቀን ሲፈትሽ ጣቱን ባዶው ኪስ ውስጥ ሰዶ አየው።

«እዚህ አይሆንም የሚል የለም እንዴ?»

«የሚል አጣሁ ቲቸር።»

ውሸቷን ነው። የሚልማ ሞልቷል። ሞተሩ እንደማይገኝ የጻፈ አለ፣ የወደቡ ግንብ እየሰመጠ መሆኑን መሐንዲስ ጠይቆ የዘገበ አለ። መቀስ እነዚያን ስታይ እጇ ሌላ ገጽ ይገልጣል። «በሚቀጥለው ወር» የሚል ቃል ካየች ግን ደንበኛ በእጁ የያዘውን ጋዜጣ እንኳ ተቀብላ ትቆርጣለች። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ? እሷም አረፋውን በመቀስ ነበር የምትጨብጠው።

የትምህርት ቤቶቹ ውድድር ቅዳሜ ዋለ፣ በሌላ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። መቀስ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች፤ የተሰበረው መንኮራኩር ሲንጫረር ሁሉም ዞሮ አያት። ተራዋ ሲደርስ እጇን ሳጥኑ ውስጥ ከታ ሦስቱን አወጣች። የመጀመሪያው ስለ ስንዴ ዋጋ ነው፤ ስንዴን በእንቅልፍ ልቧ ታውቀዋለች። ሁለተኛው ስለ ሙያ ትምህርት ቤቶች ነው። ሦስተኛውን ገልጣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የሐይቁ ጀልባ በዚህ ዓመት ሥራ ይጀምራል?»

የምትወዱትን ሳይሆን የምታውቁትን ምረጡ ብሏል መምህሩ። ከዚህ በላይ ምን አውቃለሁ? አለች በልቧ። ስንዴውንና ሙያውን ወደ ሳጥኑ መለሰች።

ጠረጴዛው ላይ ማህደሩን ስትከፍት ልቧ ሞቅ ብሎ ነበር። መልሱ አዎ ነው፣ ማስረጃው ሞልቷል፤ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ጀልባውን ውሃ ላይ ስታስሄደው ታያት። እንደተማረችው ቁራጮቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረቻቸው። በጀልባው ማህደር ግን ይህን ከዚህ በፊት አድርጋው አታውቅም ነበር። እያንዳንዱን የቆረጠችው በየቀኑ፣ ለየብቻው፣ በየራሱ ደስታ ነው፤ ቆርጣ ኪስ ውስጥ ከከተተችው በኋላ አይታው አታውቅም።

ተሰልፈው ሲያይዋቸው ሌላ ናቸው። ሞተሩ ታዟል፣ በሚቀጥለው ወር ይጀምራል። ሞተሩ መንገድ ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይጀምራል። ስለ ሞተሩ ምንም የለም፤ ቀለም እየተቀባ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይጀምራል። ከዚያ ቀለሙም ቀረ፣ ወሩ ግን አልቀረም። ሰልፉ ጠረጴዛውን ጨርሶ ሻንጣው ክዳን ላይ ወጣ። ማን አለ? የእናቷ ድምፅ ነው፣ ድስቱ አጠገብ ሆና። ማን እንዳለማ ሁሉም ላይ አንድ ሰው ነው፣ የወደቡ ኃላፊ። መቼ አለ? ዓመቱን ሙሉ።

መቀስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዎ ብላ ብትናገር ከልካይ የላትም፤ ማህደሩ ለዚያ የተሠራ ይመስል ነበር። አይጀምርም ብትል ግን እናቷ አትመጣም ማለቷ ነው፣ በገዛ አፏ፣ ሰው ፊት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ሰምታለች፤ ሲጠራ እንዲህ እንደሚያም ግን የነገራት የለም። ጊዜው አለቀና ተጠራች።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ መሀል የተቀመጡት ለብዙ ዘመን የሬዲዮ ዜና አንባቢ የነበሩ ሴት ናቸው። መቀስ ጥያቄውን አነበበች፣ ከዚያም ዜናዎቹን አንድ በአንድ፣ ማን እንዳለና መቼ እንዳለ እየጠራች ደረደረች። ድምፅዋ ጥሩ ነበር። «ሰው አንድ ቀጠሮ ቢያሳልፍ ጉዳይ ገጥሞት ነው እንላለን» አለች። «ደጋግሞ ሲያሳልፍ ግን ማሳለፉ ራሱ መልሱ ነው። ጋዜጣ የማያነብ ሰው ካለ ደግሞ ወደቡ ድረስ ወርዶ ይይ። የጀልባው ዘበኛ በዚህ ሳምንት ለዶሮዎቹ ቤት ሠርቶላቸዋል። ይህ በሚቀጥለው ወር እነሳለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ሥራ አይደለም።»

ተሰብሳቢው ሳቀ። አሁን መልሱን መናገር ነበረባት። ቆመች። ዝም አለች። ሰዓት ያዡ ቀና ብሎ አያት፤ ከኋላ የተቀመጠው መምህሯም ሰዓቱን ማየት ተወ። 

«አይጀምርም» አለች።

ዜና አንባቢዋ እንደ ሕጉ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ አንቺ ራስሽስ ምን ትመኛለሽ?» አሏት።

«መምህራችን ዳኛ የምትመኙትን አይጠይቃችሁም ብሎን ነበር» አለች መቀስ። ሰው እንደገና ሳቀ፣ እሷ ግን ጉንጯ ረጥቦ ነበር። «እናቴ ማዶ ናት» አለችና ወረደች።

ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ስለ ስንዴ የተናገረ ልጅ ነው። «አንደኝነቱ ያንቺ ነበር እኮ» አለ መምህሩ ሻንጣዋን እየተሸከመላት፤ «ከመልሱ በፊት ያን ያህል ዝም ባትዪ።» ከዚያ ትንሽ ሄደና፣ ሰዓቱን ሳያይ፣ «ግን እንኳን ዝም አልሽ» አላት።

ፀጉር ቤት ስትደርስ አባቷ የወለሉን ፀጉር እየጠረገ ነበር። ጡረተኛው ሹፌር እንደ ወትሮው ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

«እህስ፣ ምን ደረሰሽ?» አላት አባቷ።

«ጀልባው።»

መጥረጊያው ቆመ። «ምንስ አልሽ?»

«አይጀምርም አልኩ።»

ፀጉር አስተካካዩ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ወንበሩ ላይ ያለውን የሐሙስ ጋዜጣ አነሳና ዘርግቶ አሳያት፤ እሷ የቆረጠችው መስኮት ከመሀሉ ክፍት ነው።

«እኔ ማታ ሱቁን ስዘጋ የተረፈውን አነባለሁ» አላት። «አንቺ ሊጀምር ነው የሚለውን ቆርጠሽ ትወስጃለሽ፤ ለእኔ የሚተርፈው አይጀምርም የሚለው ነው። ቀዳዳ ሳይ፣ እሰይ፣ ዛሬም ተስፋ ሰጥተዋታል እላለሁ። ከቀዳዳው አጠገብ ያለውን ደግሞ አንብቤ እተኛለሁ።»

መቀስ ጋዜጣውን ከእጁ ተቀበለችው። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«አንቺስ ለምን አልቆረጥሽውም?»

 ሹፌሩ ቆቡን አንስቶ «ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ እሁድ ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ። ከእናትየዋ ድምፅ ኋላ የሆስፒታሉ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል። ስለ ምግብ ጠየቀች፣ ስለ ፈተና ጠየቀች፣ ባሏ ጋዎኑን ያጥብ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ የተለመደውን አለች፦

«ጀልባውም በሚቀጥለው ወር ይጀምራል እያሉ ነው።»

መቀስ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«እማዬ፣ አይጀምርም» አለች።

ጋሪው እየተንኳኳ አልፎ ሄደ።

«ማን አለ?» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«እኔ።»

«መቼ?»

«ትናንት። ዳኞች ፊት ቆሜ።»

እናትየዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ በር ላይ ቆማ ጫማዋን ስታወልቅ የምታሰማውን ትንፋሽ። መቀስ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔም እዚህ ወደብ እየወረድኩ አያለሁ» አለች እናቷ። «የትኬት መስኮቱ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ከሥራ ጓደኞቼ የሚያምን አንድም የለም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አመንሽ?»

«አንቺ አንብቤያለሁ ስትዪኝ ነዋ! ልጄ ማን እንዳለና መቼ እንዳለ ሳታውቅ አትናገርም ብዬ። ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁ?»

መቀስ እንባዋ መጣ። «እኔ ደግሞ አንቺ እያሉ ነው ስትዪኝ ነው ያመንኩት» አለች። ዓመት ሙሉ እናት ልጇን፣ ልጅ እናቷን ምንጭ አድርገው፣ አንዷ ከሌላዋ እየቀዳች አንድ ወሬ ሲመላለሱበት ኖረዋል። መምህሩ ቢሰማ ሁለቱንም ከውድድር ያስወጣቸው ነበር። እናትየዋ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ፣ ከዚያ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ።

«በቃ፣ በመኪና ዞሬ እመጣለሁ» አለች። «ሦስት ቀን መምጫ፣ ሦስት ቀን መመለሻ። ከፈቃዴ የምትተርፈን አንድ ቀን ናት።»

«ትበቃናለች እማዬ።»

«አትበቃንም» አለች እናቷ፣ ቆጣ ብላ። በስልክ ተቆጣቻት። «ማን ትበቃለች አለሽ? ግን እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«በሚቀጥለው…» አለችና ዋጠችው። ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ፣ የተረኞች ሰሌዳ ይሆናል። «ረቡዕ በጠዋት እነሳለሁ። ፈቃዴን ነገ ከአለቃዬ ጉሮሮም ቢሆን አወጣዋለሁ። ቅዳሜን ከእናንተ ጋር ነኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ አባቷ ቀና ብሎ «ምን አለች?» አላት።

«ቅዳሜ።»

ቅዳሜ ለፀጉር ቤት የሳምንቱ ትልቅ ቀን ነው፤ ወንበሩ ከጠዋት እስከ ማታ አይቀዘቅዝም። ፀጉር አስተካካዩ ያንን ምንም አላነሳም። ከመደርደሪያው ላይ አንድ የሳሙና ካርቶን አወረደ፣ ጎኑን ቀደደና በወፍራም ብዕር «ቅዳሜ ዝግ ነው» ብሎ ጻፈበት። መቀስ ዳር ዳሩን አስተካክላ ቆረጠችለት፤ አብረው ወጥተው በሩ ላይ ሰቀሉት። ገና እሁድ ነበር።